37ቱ ቀነጨሩ፤ የቀሩት 63ስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ መቀንጨር ሲጻፍ «ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው» ይባልና ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ቁጥሩ በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተወሰደ ነው፤ ችግር የለበትም። ችግሩ የቀሩትን 63 ደህና አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው።

ቀነጨረ የሚባለው ቁመቱ ለዕድሜው ከዚ-ስኮር −2 በታች የወረደ ልጅ ነው። ዚ-ስኮር ለማግኘት ከልጁ ቁመት የእኩዮቹን አማካይ ቀንሶ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁመቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለሚያሳየው ቁጥር) ማካፈል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መለኪያ ለ24 ወር ወንድ ልጅ፣ ቆሞ ሲለካ፣ አማካዩን 87.1 ሴ.ሜ፣ ዴቪዬሽኑን 3.1 ገደማ ያደርገዋል። 82 ሴ.ሜ የሆነ ልጅ በ5.1 ያንሳል፤ ለ3.1 ሲካፈል −1.65 ይመጣል። የኖርማል ስርጭት (አብዛኛው አማካዩ አጠገብ የሚሰበሰብበት፣ የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት) ሠንጠረዥ ለዚህ 0.0495 ይሰጣል፤ በደንብ ካደጉ 100 እኩዮቹ ከእሱ የሚያጥሩት 5 ያህል ናቸው ማለት ነው። አጭር ነው እንጂ አልቀነጨረም። (ከ0 ጀምሮ የሚቆጥር ሠንጠረዥ የያዘ ሰው 0.4505 ያገኛል፤ ከ0.5 መቀነስ አለበት። ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት።)

በደንብ ባደጉት ዘንድ ከ−2 በታች የሚገኙት 2.28 በመቶ ብቻ ናቸው። እኛ ዘንድ 37 የሆኑት ለምንድን ነው? ሠንጠረዡን ገልብጠን እንየው። ከሠንጠረዡ ሆድ ውስጥ 0.37ን ስንፈልግ ዚው −0.33 ነው። ዴቪዬሽኑ 1 ከሆነ ደግሞ የእኛ ልጆች አማካይ ዚ-ስኮር −2 + 0.33፣ ማለትም −1.67 ላይ ይወድቃል። ጫፉ ብቻ አልወፈረም፤ ደወሉ በሙሉ ወደ ግራ ተንሸራቷል። በዚህ ስሌት ከ0፣ ማለትም ከመለኪያው አማካይ፣ በታች የሚሆኑት 95 በመቶ ናቸው፤ መሆን የነበረበት 50 ነው። ከ63ቱም አብዛኞቹ ሊደርሱበት ከሚገባው ቁመት አጥረዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ−1.9 እና በ−2.1 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ዕድሜ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ዓመት የሞላውን ልጅ አስተኝቶ ለክቶ 0.7 ሴ.ሜ ሳይቀንሱ መመዝገብ ብቻውን −2.1 ላይ ያለውን የቀነጨረ ልጅ ከ−2 መስመር በላይ ያወጣዋል። ወዲያና ወዲህ የተዘበራረቀ ልኬት ደግሞ በተቃራኒው ደወሉን ያሰፋዋል፤ አማካዩ −1.57 ሆኖ ዴቪዬሽኑ 1.3 ቢደርስ ውጤቱ ያው 37 ነው፤ ዴቪዬሽኑ 1 ቢሆን ግን 33 ይሆን ነበር። መቶኛው ብቻውን የደወሉን መንሸራተትና የደወሉን መስፋት አይለይም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ መቶኛውን ሲያትም አማካይ ዚ-ስኮሩንና ዴቪዬሽኑን ከጎኑ ያስፍርልን፤ ሁለት ተጨማሪ ቁጥር ነው። ክብደት ላይ ግን ይህን ቀጥተኛ ስሌት እንዳትሞክሩት፤ የክብደት ስርጭት ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል ድርጅቱ የሚጠቀመው ሌላ ቀመር ነው።

ከስታቲስቲክስ መምህራን