እማዬ፣ እሺ አትበይው

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፍራንክፈርት ብርዱ ገብቷል፤ ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ነው የሚቆየኝ።

ወንድሜ ደውሎ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሊወስድሽ እንዳሰበ ነገረኝ። ጉልበቷን ያማታል፣ ሙቀቱም አልተስማማትም፣ እዚህ ሐኪም ቅርብ ነው አለኝ። ላንቺ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩትም። ግን መልስ ከመስጠትሽ በፊት የእኔንም ስሚኝ።

የምሠራበትን ታውቂያለሽ፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ መድኃኒቱ አይጓደልም። እዚያ አንዲት ባንቺ ዕድሜ ያሉ እናት አሉ። ሲመሻሽ ካፖርታቸውን ይለብሱና ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። «ወዴት ነው?» ስላቸው «ቤቴ» ይላሉ። ልጆቻቸው ክፉ አይደሉም፤ አበባ ይዘው ይጠይቋቸዋል። ካፖርቱን ሳወልቅላቸው አንቺ ነሽ የምትመጪብኝ።

የወንድሜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍትም የለው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያን ደረጃ እንዴት ይወጣዋል? እሱና ባለቤቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ታወሪያለሽ? ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ከሰል ሻጯም ወተት ሻጯም በስምሽ ነው የሚጠሩሽ። በኦሮምኛ ትከራከሪያለሽ፣ በሶማሊኛ ሰላም ትያለሽ፣ በአማርኛ ትመርቂያለሽ። ዘንቢል ይዤ ስከተልሽ ከዋጋው በፊት የልጆቻቸውን ጤና ነበር የምትጠይቂው። እኔ ቸኩዬ ስጎትትሽ «ቆይ አቦ!» ትይኝ ነበር።

ጎረቤታችን ሐጂያስ? በ1998ቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈሩን ሲጠርግ ከነልጆቻቸው እኛ ቤት ነበር ያደሩት። ከዚያ ወዲህ የመሀል አጥሩ በር ተቆልፎ አያውቅም። በረመዳን ማፍጠሪያ ሲደርስ ሳምቡሳው ትኩሱን በሳህን ተከድኖ ይመጣልናል። ለፋሲካ ደግሞ አንቺ ዶሮውን ከነነፍሱ ትልኪላቸዋለሽ፣ ራሳቸው እንዲያርዱት። ከሰዓት በኋላ ያ ሆጃ አለ፤ የቡናው ገለባ ብዙ ፈልቶ፣ ወተት ገብቶበት፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። እዚህ አፈላዋለሁ፤ ጣዕሙ አይርቅም፣ ግን «አንድ ድገሚ» የሚለኝ የለም።

ሙቀቱ ከባድ መሆኑን አልክድም። ለእሱ ቬንትሌተርና ኮርኒስ ይበቃል፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ሲብስ ሐረር አክስቴ ጋ ውጪ፤ ደንገጎን እንዳለፍሽ አየሩ ይለወጥልሻል። ሐረርም ሐኪም አለ።

ለቁልቢ ገብርኤል እመጣለሁ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለታህሳስ 19 የተሳልሽውን ጃንጥላ ከዚህ ይዤልሽ ነው የምመጣው። ከአዲስ አበባ በባቡር ነኝ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን የገፋበት የድሮው ሐዲድ ባይሆንም፣ አዲሱን ባቡር ልይለት። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ስለሆነ ልቀበል ብለሽ እንዳትደክሚ፤ ባጃጅ ይዤ እገባለሁ። ወንድሜም ይምጣና ሦስታችን ቁጭ ብለን እንመካከር። እስከዚያ እሺ አትበይው።

ሐጂያን ሰላም በይልኝ። የላኩልኝ ገለባ አልቋል፤ ስመለስ የምይዘው ከአሁኑ ያስቀምጡልኝ።

ልጅሽ