ወርክሾፑ ካለቀ በኋላ ያሉት ዘጠና ቀናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባህልና ኪነ ጥበብ ገጻችሁ የምታወጧቸው የሥልጠና ማስታወቂያዎች ጅማም ይነበባሉ። ከመካከላቸው የዳንስ፣ የእንቅስቃሴና የፊዚካል ቲያትር (ከቃል ይልቅ በአካል እንቅስቃሴ የሚነገር ቲያትር) ወርክሾፖች አሉ። አንዳንዶቹን ከውጭ የሚመጡ አሠልጣኞች አዲስ አበባ ላይ ይሰጧቸዋል፤ ለሌሎቹ ደግሞ አመልካቹ ራሱ አገር አቋርጦ ይሄዳል። እነዚህ ማስታወቂያዎች በመውጣታቸው ቅሬታ የለንም። የምንጽፈው ወርክሾፕ ደርሶ መመለስ ፊዚካል ቲያትር እንደ መማር እየተቆጠረ ስለመጣ ነው።

ሥልጠናው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን 5 ሰዓት ነው እንበል። ቢደመር 25 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ የመጨረሻው ቀን «ማሳያ» ለሚባለው ትርዒት ይሄዳል። ማሳያ ደግሞ ጠላት ነው፤ ሠልጣኙ አዲሱንና ያልበሰለውን ነገር ደብቆ ድሮ የሚችለውን እንዲያወጣ ይገፋዋል። በመዝጊያው ቀን እስክስታ የማይጠፋው ለዚህ ነው። እንግዳው አሠልጣኝ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፤ የተማረ ሰው ግን የለም።

ፈረንሳዊው የቲያትር መምህር ዣክ ለኮክ እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ውስጥ የከፈተው ትምህርት ቤት ሙሉ ኮርሱ ሁለት ዓመት ነው። (ሰውዬው ወደ ቲያትር የመጣው ከስፖርት መምህርነት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ለብዙ ዓመታት የሠራው በድሮ የቦክስ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሽ የለንም ለሚሉ ማጽናኛ ይሁን።) ከቤታችን ምሳሌ ካስፈለገም፣ እንግሊዛዊው የዳንስ ቀማሪ (ኮሪዮግራፈር) ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን ያፈራው በዓመታት ሥልጠና ነው። ከዚያ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ ለመማር ሲመረጥ አካሉ ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር። የውጭ መምህር የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ሰው ነው።

እንግዲህ ከመሄድ በፊት ቢያንስ የስድስት ሳምንት ዝግጅት ያስፈልጋል። መለኪያው ከባድ አይደለም። ተረከዝ ሳይነሳ ቁጢጥ ብሎ 2 ደቂቃ መቆየት፣ በክርንና በእግር ጣት ላይ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ 60 ሰከንድ መያዝ፣ ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ በሁለቱም ትከሻ ያለ ድምፅ መንከባለል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይንቁታል። ሲንከባለሉ የሚሰማው «ጓ» የሚል ድምፅ ወለሉን የመታውን አጥንት በቀጥታ ይነግራል። መንገዱ ከእጅ ጀርባ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻ ጀርባ፣ ከዚያ ጀርባን ሰያፍ አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ዳሌ ነው። አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፤ ጭንቅላት ወለል አይነካም። ስህተቱ የሚመጣው ቆመው ሲጀምሩ ነው፤ መጀመሪያ ተንበርክኮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ በመጨረሻ ቆሞ። የሚደንቀው ግን ሁሉም በቀኝ ትከሻው ብቻ መለማመዱ ነው፤ ግራው ሳይሠራ ወርክሾፕ ይደርስና በሁለተኛው ቀን አንገቱን ይይዛል።

ስለ ሚዛን የጅማ በርጩማ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል። ሦስት እግር አለው፤ በመሐሉ ከቆሙ አይነቃነቅም፣ ክብደት በሁለት እግሮቹ መካከል ወዳለው ጠርዝ ከሄደ ይገለበጣል። የሰው እግርም የሚቆመው በሦስት ነጥብ ነው፦ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር። ክብደቱ ከሦስቱ ነጥቦች መሐል ሲወጣ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ትከሻ ይጨመደዳል፣ ከዚያ እስትንፋስ ይቆማል። አሠልጣኝ «ተንፍሱ» እያለ ሲጮህ ችግሩ እግር ላይ መሆኑን የሚያይ ጥቂት ነው።

የወለሉን ነገር ሳንዘረዝር አናልፍም። እዚህ የምንለማመደው አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሲሚንቶ የዝላይን ኃይል ስለማይቀበል ወደ ቅልጥምና ወደ ጉልበት ይመልሰዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት የቅልጥም ፊት ሕመም የሚጀምረው በዚህ ነው። የጃፓናዊውን የቲያትር አዘጋጅ የታዳሺ ሱዙኪን የእግር መምታት ልምምድ በቪዲዮ አይተው ሲሚንቶ ላይ የሚሞክሩት ደግሞ ተረከዛቸውን ይጎዳሉ። የልምምዱ ዓላማ ወለል መደብደብ መስሏቸው ነው፤ እግር እየመታ ከወገብ በላይ ያለው አካል ጸጥ እንዲል መሆኑ ይረሳል።

መፍትሔው በአናጺ እጅ ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ 8 ቅጠል ቢነጠፍ 4.88 በ4.88 ሜትር ይሸፍናል፤ ስድስት ሰው በአንዴ ይንቀሳቀስበታል። ሥሩ 13 መስመር ሞራሌ፣ ከመሐል እስከ መሐል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቀ ይደረደራል። ከየሞራሌው በታች የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በ40 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይገባል፤ የአንዱ መስመር ቁራጮች ከቀጣዩ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ ማዛነፍ ግድ ነው፣ አለበለዚያ ወለሉ በአንድ ቦታ ይነጥራል፣ በሌላው ይደርቃል። ገንዘብ ካለ ሁለተኛ ንጣፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጨመር። ሚስማር ሳይሆን ብሎን ይሁን፤ ሚስማር በወር ውስጥ ራሱን እያነሳ ባዶ እግር ይወጋል። ይህ ሁሉ ካልተቻለ ዝላይ አይሠራ፤ ወይም ሣር ላይ ይወጣ። ሴኔጋል ውስጥ ዠርሜን አኮኚ የመሠረተችው ትምህርት ቤት ስሙም አሸዋ ነው፣ አሸዋ ላይም ይሠለጠናል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሌላ ጣጣ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የጅማ ዝናብ ሲወርድ የአሠልጣኝ ድምፅ አይሰማም። ትእዛዝ በከበሮ ይሁን፦ አንድ ምት መነሳት፣ ሁለት አቅጣጫ መቀየር፣ ሦስት መቆም። እንዲያውም ቡድን እርስ በርሱ በጆሮና በጀርባ መደማመጥ የሚማረው እንደዚህ ሲሆን ነው።

አሜሪካዊው ዳንሰኛ ስቲቭ ፓክስተን እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን፣ ማለትም ሁለት ሰው አካል ለአካል ተነካክቶ ሳይዘጋጅ የሚፈጥረው እንቅስቃሴ፣ በብዙ ወርክሾፖች ይሰጣል። ክብደት መስጠትና መቀበል ነው፤ ጉልበት አይደለም። ተሸካሚው ጉልበቱን ቀድሞ አጥፎ ዳሌውን ከሚነሳው ሰው ዳሌ ሥር ያስገባል፤ በወገብ ጎንበስ ብሎ በክንድ ያነሳ ሰው ጀርባውን ይከፍላል። የሚነሳውም እንደ ጤፍ ጆንያ ከላላ ክብደቱ የጨመረ ያህል ይሆናል። ጅማ ላይ የወንድና የሴት መነካካት እንደ ቀላል ነገር አይታይም፤ ይህን ደግሞ እንደ ኋላቀርነት የሚያየው አሠልጣኝ ሠልጣኞቹን ያጣል። ጾታው አንድ የሆነ ጥንድ፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ጀርባ ለጀርባ፣ ቀጥሎ በሁለት መዳፍ መካከል በሚያዝ አንድ ሜትር ዱላ። ዱላው ከወደቀ አንዱ መስማት አቁሟል ማለት ነው። ሂጃብ በመርፌ ሳይሆን በማሰር ይያዝ። በረመዳን ከባዱ ልምምድ ከማፍጠር በኋላ ይዛወር፤ የዓርብ ጁምዓ ሰዓትም መርሐ ግብሩ ሲወጣ ጀምሮ ይታሰብ።

ስለ ጭምብል፦ ለኮክ ገለልተኛ ጭምብል የሚለው፣ ደስታም ኀዘንም የሌለበት፣ ፓዶቫ ላይ ከቀራጺው አምሌቶ ሳርቶሪ ጋር የተሠራ የቆዳ ጭምብል ነው። ቆዳ ባይገኝ በጭቃ ቅርጽ ላይ ቫዝሊን ቀብቶ በወረቀት ይሠራል። ወረቀቱ በመቀስ አይቆረጥም፣ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጠርዝ እርስ በርሱ ይያያዛል። አንድ ንጣፍ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ አንድ ንጣፍ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ እንዲህ እስከ ስድስት። ቀለማቸው ስለሚለያይ ያልተሸፈነው ቦታ ይታያል። (ጋዜጣችሁ ለዚህም ያገለግላል፤ አትቀየሙን።) በክረምት የዱቄት ሙጫ ስለሚሻግት የአናጺ ኮላ በውሃ አቅጥኖ መጠቀም ይሻላል። ሲለበስ ከፊት አንድ ጣት ያህል ይራቅ። አደራረጉ ለተመልካች ጀርባ ሰጥቶ ነው፤ ለብሶ መናገርም ፊቱን በእጅ መንካትም የለም። በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው፦ ገለልተኛ ማለት ቀርፋፋ ይመስለዋል፤ እንደ ሕልመኛ ይሄዳል። ጭምብል የለበሰ ሰው ሊሮጥም ሊወረውርም ይችላል። የማይችለው በዓይኑ ብቻ መመልከት ነው፤ ራሱንና ደረቱን ማዞር አለበት።

ከውጭ የመጣው ዘዴ እዚህ ሥር የሚይዘው በእጃችን ካለው ሥራ ጋር ሲገናኝ ነው። ሩሲያዊው የቲያትር አዘጋጅ ሜየርሆልድ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተማረው ባዮሜካኒክስ የተባለው የተዋናይ አካል ልምምድ እያንዳንዱን ድርጊት በሦስት ይከፍላል፦ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው መሄድ፣ እሱ ኦትካዝ ይለዋል፣ በእኛ እምቢታ፤ ቀጥሎ ድርጊቱ፤ ከዚያ ማቆሚያው። ቡና የሚወቅጥ ሰው ይህን በየቀኑ ያደርገዋል። ዘነዘናው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ሙቀጫው ውስጥ ያርፋል። ዘነዘናውን አስቀምጡና በባዶ እጅ አሠሩት፤ ክብደቱ ወዲያው ይጠፋል፣ ክንድ ብቻ ይወዛወዛል። ክብደቱ እስኪመለስ፣ ማለትም ጉልበትና ጀርባ እስኪሳተፉ፣ ሃያ ጊዜ ይደጋገም። ከዚያ ሁለት ሰው በአንድ ሙቀጫ እየተፈራረቀ። የእንቅስቃሴ ተመራማሪው ሩዶልፍ ላባን የለያቸው የጉልበት ዓይነቶችም እንዲሁ ናቸው፦ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ መጫን፣ በሰፌድ ማበጠር የየራሳቸው ፍጥነትና ክብደት አላቸው። በትከሻና በአንገት የእኛ ልጆች ፈጣኖች ናቸው፤ ለፈረንሳዊው የማይም (ያለ ቃል ትወና) መምህር ለኤቲየን ደክሩ ዓይነት አካልን ለይቶ የማንቀሳቀስ ሥራ እስክስታ ትልቅ ቅድሚያ ሰጥቷቸዋል። ዳሌና እግር ላይ ግን ይተኛሉ። አሠልጣኝ የሚያስፈልጋቸው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ከወርክሾፑ በኋላ ወዳሉት ዘጠና ቀናት። ከወርክሾፕ ሁለት ልምምድ ብቻ ይዞ መመለስ ይበቃል። ማስታወሻው የዚያኑ ዕለት ማታ ይጻፍ፤ የልምምዱን ስም ሳይሆን አሠልጣኙ ሲያርም የተናገረውን ቃል። «ክርንህ ቀደመ»፣ «ከመድረስህ በፊት ቆምክ»፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚጠቅመው ይህ ነው። በተመለሱ በአሥር ቀን ውስጥ ለሌሎች ማስተማር፤ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ያልተያዘው ቦታ ነው። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን 75 ደቂቃ፦ 15 ወለል ላይ መንከባለል፣ 20 ጥንካሬና ሚዛን፣ 30 ያው ሁለቱ ልምምድ፣ 10 መጻፍ። አዲስ ልምምድ ከዩቲዩብ ማምጣት ክልክል። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይሰለቻል፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰውም ያኔ ነው። ያን ጊዜ ልምምዱን መቀየር ሳይሆን ፍጥነቱን ግማሽ ማድረግ ይረዳል።

ወደ ውጭ ለሚያመለክቱም አጭር ነገር፦ ቪዲዮው 2 ደቂቃ፣ ያልተቆራረጠ፣ ስልኩ አግድም ተይዞ፣ ከራስ እስከ እግር ጣት የሚታይበት ይሁን። ብዙዎች እግራቸው ተቆርጦ ይልካሉ። የግብዣ ደብዳቤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማደሪያና የጤና መድን ማን እንደሚከፍል ካልጻፈ ቪዛ አይጠየቅበት።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምንለምነው ይህን ነው። የወርክሾፕ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ወለሉ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚቀበሉ፣ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥና ለክፍለ ሀገር ሠልጣኝ ማደሪያ ይኖር እንደሆነ ጠይቃችሁ አብራችሁ አትሙልን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው አንድ ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ደርሶ 40 ሰው በታጨቀበት የሲሚንቶ አዳራሽ ዳር ቆሞ እንዳይመለስ።

የእንቅስቃሴ ቲያትር አሠልጣኞች
ጅማ