ግልጽ ደብዳቤ፦ «በእኛ ፕሮግራም ውስጥ የላችሁም» የተባልን የባሕር ዳር እንጨት ሠራተኞች

በባሕር ዳር የሥራ ዕድል ጉዳይ ለሚመለከትዎ የመንግሥት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል መጻፍ ስላልሞከርሁ አይደለም። ሥራችንን ላጣን የእንጨት ሠራተኞች ድጋፍ የሚጠይቀውን የመጀመሪያውን ማመልከቻ ኅዳር 2017 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን ጥር ላይ፣ ሦስተኛውን ከፋሲካ በኋላ በእጄ ይዤ መጥቼ አስገብቻለሁ፤ የሦስቱም ቅጂ የገቢ ማኅተም አርፎበት ቤቴ ተቀምጧል። ለአንዱም በጽሑፍ መልስ አልተሰጠንም። በቃል የተሰጠን መልስ ግን አለ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

በባሕር ዳር በአንድ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ ድርጅት ለ19 ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት ፎርማን ነበርሁ። ድርጅቱ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ 31 ሠራተኞች ነበርን። የዘጋው አንድ ነገር ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ የጸጥታው ሁኔታ መንገድ ያዘጋ ነበር፣ የጣውላ ዋጋም አንዴ ወጥቶ አልወረደም። ሆኖም መብራት ሲጠፋ በእጅ መላጊያ እየላግን፣ መንገድ ሲዘጋ ያለችንን ዋንዛና ባሕር ዛፍ እየቆጠብን፣ ትእዛዝ እስካለ ድረስ ሥራ አላቆምንም ነበር። የጨረሰን የትእዛዝ መጥፋት ነው። ለሆቴል አልጋና ቁም ሣጥን፣ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ያሠሩን የነበሩ ደንበኞች በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ከቻይናና ከቱርክ በካርቶን ታሽጎ ወደሚመጣው ተገጣጣሚ ዕቃ ዞሩ።

ያን ዕቃ አሁን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ድርጅታችን ከተዘጋ ወዲህ የምተዳደረው እሱኑ በመጠገን ነውና። ባለፈው ክረምት ከሐይቁ ዳር ካለ ሰፈር አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላውን ቁም ሣጥናቸውን እንዳይላቸው አስጠሩኝ። እግሩ አካባቢ እርጥበት ስቦ እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል፤ የበሩን ማጠፊያ ላጠብቅ ብሎኑን ባዞርሁት ቁጥር የተጨመቀው ሰጋቱራ እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ይረግፋል። እንጨት ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን በስንጥርና በኮላ ሞልቼ እንደ ገና እበሳው ነበር። እኒያን እናት ግን አልወቀስሁም፤ ሲገዙት ዋጋው ከእኛ ያንስ ነበር፣ መልኩም ያምራል፣ የልጃቸው ሠርግም ደርሶባቸው ነበር።

ገዢውንም ነጋዴውንም ከስሼ አላውቅም። ገበያ መክፈት ግን የመንግሥት ውሳኔ ነው። ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከትነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2011 ዓ.ም. ጸድቋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለአገር ውስጥ ዜጎች ተከልሎ የቆየው የወጪና ገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ሆነ። ለእነዚህ ውሳኔዎች አገራዊ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ላይ አልከራከርም። የምከራከረው ውሳኔው ሲወሰን ጉዳቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ እየታወቀ፣ ለዚያ ሰው አንዲት ወንበር እንኳ ያልተዘጋጀለት በመሆኑ ነው።

እርስዎ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 እና 40 መሠረት ድርጅት በቋሚነት ሲዘጋ ሠራተኛው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በዚህም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የማሽን ባለሙያችን 22 ዓመት አገልግለዋል፤ ሲሰላ የ300 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። አዋጁ ይህ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም ይላል። እኛ ዓመት አልፎን አንድ ብር አልደረሰንም፤ ማሽኖቹ ለዕዳ ተወስደዋል፣ አሠሪያችንም ከተማውን ለቀዋል። «ክሰሱ» ተባልን፤ ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው በምን አቅሙ ዓመታት የሚወስድ ክርክር እንደሚያቆም የነገረን ግን የለም። የሥራ አጥነት መድን በአገራችን የለም። ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተዋጣ የተቀመጠልን ጡረታ ደግሞ መደበኛ ዕድሜው 60 ነው፤ ጋሼ ገና 53 ናቸው።

አሁን የቃል መልሱ ወደ ተሰጠን ቀን ልመለስ። መጋቢት ላይ፣ ሁለተኛው ማመልከቻ የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ከጋሼ ጋር ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆምን። ስንገባ ያነጋገረን ወጣት ባለሙያ ትሑት ነበር፤ እሱን አልወቅስም። ቅጹን ዘርግቶ ሦስት ነገር ጠየቀን፤ ዕድሜያችንን፣ የብቃት ምዘና ማረጋገጫ እንዳለንና ከየት እንደ ተፈናቀልን። ጋሼ ቅጹ እንዳይንሸራተት ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ያ እጅ አመልካች ጣቱና የመሐል ጣቱ ከሁለተኛው አንጓ በላይ የለም፤ ከ14 ዓመት በፊት የሆቴል በር ስንሠራ መጋዙ የወሰዳቸው ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት እጃቸውን ጠቅልለው ሥራ የገቡ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው «የእንጨት ሥራ መቻልዎን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያምጡ» ተባሉ። ከዚያም ወጣቱ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና እንዲህ አለን፦ «ዕድሜያችሁ ከወጣት አልፏል፤ ተፈናቃይ የሚባለውም በግጭትና በአደጋ ከቀዬው የወጣ ነው፤ በእኛ ፕሮግራም ውስጥ የላችሁም።»

የላችሁም! ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ደረጃውን ስንወርድ ቆም ብለው «ግብር ስንከፍልስ ነበርን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

በሌላ አገር የኛ ዓይነቱ ሰው በሕግ ስም ተሰጥቶት ያውቃል። አሜሪካኖች ከውጭ በሚገባ ዕቃ ምክንያት ሥራውን ላጣ ሠራተኛ የድጋፍ ፕሮግራም ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን በ1974ቱ የንግድ ሕግ አስፍተውታል፤ ኋላም ማምረቻው ወደ ውጭ በመሄዱ ሥራውን ያጣውን ጨምረውበታል። በሰሜን ካሮላይናና በቨርጂኒያ የሚገኙ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ሥራው ወደ ቻይና ሲሻገር በተዘጉ ጊዜ ሠራተኞቹ በዚህ ሕግ ያመለክቱ ነበር። ጥቂት ሠራተኞች ሆነው ፈርመው ማመልከቻ ሲያስገቡ የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ መንስኤውን የማጣራት ግዴታ ነበረበት፤ ከተረጋገጠም የሙያ ሥልጠናና በሥልጠናው ጊዜ የሚደርስ ሳምንታዊ ድጎማ ይከተል ነበር። ፕሮግራሙ ብዙ ነቀፌታ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ አዲስ ማመልከቻ ተቀብሎ ማጣራትም ቆሟል። የገንዘብ አቅማችን ከእነሱ ጋር እንደማይወዳደርም አውቃለሁ። የቀናሁበት ገንዘቡ ሳይሆን፣ የሠራተኞች ፊርማ መንግሥትን ተነሥቶ እንዲያጣራ ማስገደድ መቻሉ ነው። የእኛ 31 ፊርማ ማኅተም ከማስመታት ያለፈ ነገር አላደረገም።

ይህች ከተማ ለእንጨት ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። እኔን መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚቆረጥ ያስተማሩኝ አንጋፋ ሙያቸውን የቀሰሙት እዚያ ነው፤ እሳቸው ለእኔ፣ እኔ ደግሞ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ለአራት ልጆች አስተላልፈናል። ከአራቱ ሦስቱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ። አራተኛው የት እንዳለ እናቱም አታውቅም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅጹ ላይ «በገቢ ዕቃ ውድድር ሥራውን ያጣ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን፤ ዕድሜው ከወጣት ያለፈ ባለሙያ በማኅበር ተደራጅቶ የመሥሪያ ቦታና ብድር እንዳያገኝ የሚከለክለው አሠራር ይታይልን፤ የብቃት ምዘናው በሥራ ልምዳችን በተግባር ይሰጠን፤ ያልተከፈለንን የስንብት ክፍያ በተመለከተም የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ያግዘን። የመሥሪያ ቤቶች የጠረጴዛና የወንበር ግዢ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ዛሬ አልገባበትም።

ከሁለተኛው ማመልከቻ ጋር ያያያዝነው ዝርዝር የሠላሳ አንዳችንን ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመንና ስልክ ይዟል። ጠፍቶ ከሆነ ሌላ ቅጂ አዘጋጅቻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ይዤው ኮሪደሩ ላይ እገኛለሁ። ጋሼም አብረውኝ ይመጣሉ።

የቀድሞ የእንጨት ሥራ ፎርማን፣ ባሕር ዳር