ልጃችሁ መጀመሪያ ለእናንተ እንዲነግር

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጉዳዩ፦ የተማሪዎቻችንን የበይነ መረብ ደኅንነት ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከልጆቻችሁ እጅ ስልክ እንድትነጥቁ ለመጠየቅ አይደለም። በስልኩ ምክንያት የተቸገረ ተማሪ ወደ አማካሪያችን ወይም ወደ ቢሮዬ ሲመጣ «ለቤተሰብህ ነግረሃል?» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ስልኬን ይወስዱብኛል» የሚል ነው። ከስድቡም ከዛቻውም በላይ አፉን የሚያስይዘው ይህ ፍርሃት ነው። በልጆች ላይ የሚያነጣጥሩ ወንጀለኞች ደግሞ ይህንን ፍርሃት አሳምረው ያውቁታል፤ የሚነግዱትም በእርሱ ነው።

አሠራራቸውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ። ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ በኢንስታግራም «ልከተልህ» የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል። ፎቶው እኩያው የምትመስል ልጅ ያሳያል፤ ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞቹም ቀደም ብለው ተቀብለዋታል፤ ስለዚህ የምትታወቅ ይመስለዋል። ስለ ትምህርት፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሙዚቃ ያወራሉ። ብዙም ሳይቆይ «እዚህ አይመቸኝም፣ በሌላ መተግበሪያ እናውራ» ትለዋለች። እዚያ የራሷ ነው ያለችውን የእርቃን ፎቶ ትልክና «አሁን ተራው የአንተ ነው» ትላለች። ልጁ በላከ በደቂቃዎች ውስጥ አነጋገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከገጹ የተቀዳ የዘመዶቹና የጓደኞቹ ስም ዝርዝር ይላክለትና «ገንዘብ ካልላክህ ፎቶህ ለእነዚህ ሁሉ ይደርሳል» ይባላል። የተወሰነ ደቂቃም ይሰጠዋል። ከፎቶው ጀርባ ያለው ሰው፣ ብዙ ጊዜም ቡድን፣ ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ነው። ከወንዶች ልጆች በአብዛኛው ገንዘብ ይጠየቃል፤ ከሴቶች ልጆች ደግሞ ሌላ፣ የባሰ ምስል። በተለያዩ አገሮች እንዲህ ዓይነት ዛቻ በደረሳቸው በሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸውን ያጠፉ ታዳጊዎች አሉ። ይህን የጻፍሁት ላስደነግጣችሁ ሳይሆን፣ ልጁ ለመናገር የሚፈጅበት ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ሳይፈጠር፣ በዚህ ሳምንት፣ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ በራሳችሁ አነጋገር እንዲህ በሉት፦ «ማንም ቢያስፈራራህ፣ የላክኸው ፎቶ ምንም ይሁን ምን፣ ከነገርከኝ ስልክህን አልወስድብህም፤ አብረን እንወጣዋለን።» ቃል ከሰጣችሁም በኋላ ጠብቁት። ይህ ልጅን ማሞላቀቅ ነው የሚሉኝ ወላጆች አሉ። አልስማማም። ስለ ጥፋቱ የምትነጋገሩበት ጊዜ ይመጣል፤ ዛቻ ላይ ያለ ልጅ ግን በዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው ዳኛ ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ወላጅ ነው።

ልጁ ከነገራችሁ ገንዘብ አትላኩ። የከፈለ ሰው እንደሚከፍል ስለታወቀበት በማግስቱ እንደገና ይጠየቃል። መልእክቶቹን ተናዳችሁ አታጥፏቸው። መለያ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ገንዘብ እንዲላክበት የተሰጠው የሒሳብ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታዩ አድርጋችሁ የማያ ገጹን ፎቶ አንሡ። ከዚያ በመተግበሪያው በኩል ሪፖርት አድርጉ፣ ሰውየውን አግዱት፣ ለፖሊስም አመልክቱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ እርቃን የሚያሳየውን ምስል ራሱን «ማስረጃ ነው» ብላችሁ ወደ ሌላ ሰው ስልክ አታስተላልፉ፤ ለእኔም ቢሆን አትላኩልኝ። የልጅ ምስል ነውና ማሰራጨቱ ሌላ በደል ነው።

ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚረዳ አንድ ነጻ አገልግሎትም አለ። ቴክ ኢት ዳውን (Take It Down) ይባላል፤ የሚያስተዳድረው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው ልጅ ምስሉ ሲነሣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከነበረ መጠቀም ይችላል፤ ስሙንም አይጠየቅም። ፎቶው ከልጁ ስልክ አይወጣም፤ ከፎቶው የሚወጣው እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ በአገልግሎቱ የሚሳተፉ ኩባንያዎች ያንን አሻራ ይዘው በገጾቻቸው ላይ ተመሳሳዩን ይፈልጋሉ፣ ያነሣሉም። ጎዶሎም አለው። በተመሰጠሩ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም በማያነባቸው የግል መልእክቶች ውስጥና ባልተሳተፉ ድርጅቶች ዘንድ የሚዘዋወረውን አይደርስበትም። ቢሆንም «አንዴ ከወጣ አበቃ» ብሎ ለሚያለቅስ ልጅ፣ የሚደረግ ነገር እንዳለ ማሳየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው የልደት ዘመን ነገር ነው። አብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መለያ እንዲከፍት አይፈቅዱም። ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ዓመታቸውን ከፍ አድርገው ያስገባሉ፤ አንዳንዴም የሚያስገባላቸው ታላቅ ወንድም ወይም ወላጅ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን መለያ ከመጀመሪያው የግል ያደርገዋል፣ የቀጥታ መልእክት መለዋወጥንም ይከለክላቸዋል። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. በ2024 ለታዳጊዎች ባዘጋጀው መለያ ታዳጊዎቹ ራሳቸው የማይከተሏቸው ሰዎች መልእክት እንዳይልኩላቸው አድርጓል። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት መተግበሪያው ልጁን ልጅ መሆኑን ካወቀ ነው። በወረቀት የ22 ዓመት ጎልማሳ የሆነ የ12 ዓመት ልጅ ግን አጥሩ ሁሉ ተነሥቶለት ሜዳ ላይ ነው። ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ የተመዘገበውን ዓመት ተመልከቱ፤ ስህተት ከሆነ አስተካክሉት፣ ወይም ዕድሜው እስኪደርስ መለያውን ዝጉት።

ከውጭ የሚመጣውን ይህን ያህል ካነሣሁ በገዛ ክፍሎቻችን ውስጥ የሚሠራውን ማለፍ አልችልም። ተማሪዎች በቴሌግራምና በዋትስአፕ የክፍል ቡድኖች አሏቸው፤ አብዛኛውም የቤት ሥራ ነው። ከምሽቱ በኋላ ግን መልኩ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ተማሪ ሲያዛጋ ወይም ሲበላ በድብቅ የተነሣው ፎቶ ስቲከር ይሆናል፣ በየንግግሩ መካከል ይለጠፋል፣ በማግስቱ ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ሳቁ ይቀበለዋል። የሠራው አንድ ልጅ ነው፤ ያስተላለፉት ግን ሠላሳ ናቸው። ስለዚህ «ልጄን ማን ሰደበው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ልጄ ምን አስተላለፈ?» የሚለውንም ጠይቁልኝ። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተራ የደንብ ልብስ ፎቶ የእርቃን ምስል መሥራት ተችሏል። «እውነተኛ አይደለም፣ ቀልድ ነው» የሚለውን ምክንያት ትምህርት ቤታችን አይቀበልም። የደረሰባት ልጅ ውርደቱን የምትኖረው በእውነተኛው ፊቷ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የእኛን የአዋቂዎችን ልማድ ላንሣ። ልጅ ሲሸለም ደስታውን ማካፈል መልካም ነው። ነገር ግን ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍልና የትምህርት ቤት ማኅተም በጉልህ የሚነበቡበት የምስክር ወረቀት ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ሲለጠፍ፣ እንግዳ ሰው ልጁን በር ላይ በስሙ እንዲጠራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጠነው ማለት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት፤ አይሆንም ካለ ይቅር።

በስውር የሚከታተል መተግበሪያ ስልኩ ላይ እንጫን ወይ ለምትሉኝ፣ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ከዘፈቀደ ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል፤ የእኔ ምክንያት ግን ከሕጉም የቀረበ ነው። እንደተሰለለ ያወቀ ልጅ ሁለተኛ መለያ ይከፍታል፣ ያን ጊዜ ምንም አትሰሙም። እንደ ፋሚሊ ሊንክ ያሉ የወላጅ መቆጣጠሪያዎችን ልጁ እያወቀ፣ አብራችሁ አስተካክሉ፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥርም ቁጥጥሩን አላሉት።

ስለ እንቅልፍ አጭር ልበል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። ስልኮች፣ የእናንተም ጭምር፣ ሌሊቱን ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደሩ። የማንቂያ ደወል ከፈለገ ተራ ሰዓት ይበቃዋል።

በእኛ በኩል፣ ማንኛውም መምህር ለተማሪ በግል መለያው መልእክት እንዳይልክ ወስነናል። ትምህርት ነክ መልእክት የሚተላለፈው ሌላ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ባለበት ቡድን ብቻ ይሆናል። ከዚህ ውጭ የሚጽፍ መምህር ካለ እባካችሁ በቀጥታ ለእኔ አሳውቁኝ። የተማሪዎችን ፎቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ የምናወጣውም የወላጅም የተማሪውም ፈቃድ ሲኖር ነው። የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ «አልፈቅድም» የሚለውን መምረጥ ልጁን ከምንም ተግባር አያስቀረውም። ቅጹን ፈርማችሁ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ እንድትልኩልን እጠይቃለሁ። መለያ ማስተካከሉ ያስቸገራችሁ ወላጆች ስልኩንና ልጁን ይዛችሁ ብትመጡ የኮምፒውተር መምህራችን ይረዳችኋል፤ ስለ ዛቻ ወይም ስለ ትንኮሳ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር