«ማን ነው?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሼክስፒር ሐምሌት ያወጣችሁትን የቴአትር ሒስ አነበብኩት። የተዋንያኑ ስም አንድም ሳይቀር ተዘርዝሯል፤ አልባሳቱም ተመስግነዋል። ድርሰቱን ግን ጸሐፊው «የድሮ ነገሥታት የበቀል ታሪክ» ብለው አለፉት። እዚህ ላይ ተለያየን።

ፖላንዳዊው የቴአትር ሃያሲ ያን ኮት ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥቀስ፤ በ1914 ዋርሶ ተወለደ፤ በናዚ ወረራ ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ለኮሚኒስቱ መንግሥት በብዕሩ ጥብቅና ቆመ። (ይህን አልደብቅለትም።) ፓርቲውን የለቀቀው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክራኮቭ ላይ ሐምሌትን ሲያይ፣ ጎልቶ የተሰማው የልዑል ሐምሌት ፍልስፍና ሳይሆን ስለላው ነበር። በዚያ ቤተ መንግሥት ከየመጋረጃው ጀርባ ሰው ተደብቋል ሲል ጻፈ። ሼክስፒርን እንደ ዘመኑ ሰው ያነበበበት መጽሐፉ በ1964 በእንግሊዝኛ ወጣ። መግቢያውን የጻፈለት እንግሊዛዊው የቴአትር አዘጋጅ ፒተር ብሩክ፣ ኮት አንባቢዎቹ ሁሉ አንድ ሌሊት ፖሊስ ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው እንደሆኑ አድርጎ ነው የሚጽፈው አለ። ኮት በ1966 አሜሪካ ሄደ፤ እዚያው ጥገኝነት ጠይቆ ሲያስተምር ኖረ፤ በ2001 ሳንታ ሞኒካ አረፈ።

ያንን መግቢያ በተማሪነቴ፣ ጠርዙ በተቆረጠ ፎቶ ኮፒ ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። የ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። የቆርቆሮ በራችን በሰደፍ ተመታ። እናቴ ኩራዙን እፍ ብላ «ማን ነው?» አለች። ዝም። ደግማ «ማን ነው?» አለች። «ክፈቺ!» ብቻ ነበር መልሱ። ታላቅ ወንድሜ ቆጡ ላይ ነበር።

ሐምሌት የሚከፈተው በዚሁ ጥያቄ ነው። ያውም ጠያቂው ተረኛው ዘብ ሳይሆን ሊተካው በጨለማ የመጣው ነው። ዘቡ «ይልቅ አንተ ተናገር» ይለዋል። ጠባቂዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይፈራራሉ፤ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ገና አልታየም! ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ የሰጠንን ድርሰት የነገሥታት ተረት ብቻ አድርጎ ማለፍ ያሳዝናል።

ሃያሲያችሁ ሌላ ጊዜ ፊታቸውን ከመድረኩ ወደ ተመልካቹም ያዙሩት። ቴአትሩን ባየሁበት ምሽት የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ስበው አፋቸውን ያዙ።

የቀድሞ የቴአትር ተማሪ
ከአዲስ አበባ