የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡ በየዓመቱ ከዋጋ ጋር ይስተካከል፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለገቢዎች ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር ማስከፈያ ሠንጠረዥ በየዓመቱ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ፔሮል (የሠራተኞች ደመወዝ ክፍያ ሒሳብ) የምንሠራ የሒሳብ ባለሙያዎች ነን። ዋናው ጥያቄያችን በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የሥራ ግብር ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት የብር መጠኖች በየዓመቱ ከዋጋ ግሽበት ጋር አብረው እንዲነሡ ሕጉ ራሱ እንዲያዝ ነው።

ማሻሻያው ለሠራተኛው እፎይታ መስጠቱን አንክድም። ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። በቀድሞው ስሌት 5,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት የነበረው አሁን 500 ብር ሆኗል። ባለ 10,000 ብሩ ከ2,045 ወደ 1,650 ወርዶለታል። ከ14,000 ብር ጀምሮ ያለው ሠራተኛ ደመወዙ የቱንም ያህል ይሁን ያተረፈው 550 ብር ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ሦስቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሌላም ነገር ያያል። በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ግብር የማይከፈልበት ገቢ እስከ 150 ብር ሲሆን 35 በመቶ የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ነበር፤ ከፍተኛው እርከን ከነፃው መነሻ 33 እጥፍ ይርቅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መነሻው 600፣ ከፍተኛው 10,900 ሲሆን ርቀቱ ወደ 18 እጥፍ ወረደ። አሁን 2,000 እና 14,000 ነው፤ ሰባት እጥፍ ብቻ። ታችኛው ደረጃ ከፍ ሲል ላይኛው ባለበት ሊቆም ምንም አልቀረውም፤ መሐል ላይ ያለው ሰው ተጨመቀ። የመጀመሪያው እርከንም ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2008 ዓ.ም መጨረሻ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር 35 በመቶ የሚጀምርበት ደመወዝ ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር። አዲሱ ሠንጠረዥ ሥራ ላይ ሲውል ግን ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ስለነበር 14,000 ብር 108 ዶላር እንኳ አይሞላም። ደመወዝ በዶላር አይከፈልም የሚል ይኖራል፤ ዘይቱ፣ መድኃኒቱና ነዳጁ ግን በዶላር ነው የሚገቡት።

ከ1994 እስከ 2008 ሠንጠረዡ ለ14 ዓመት፣ ከዚያም እስከ 2017 ለዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ማንም የግብር ጭማሪ አላወጀም፤ ግብሩ ግን በየዓመቱ ይጨምር ነበር።

እንዴት እንደሚጨምር በቁጥር እናሳይ። ዋጋ በአንድ ዓመት 15 በመቶ ቢጨምርና አሠሪውም ደመወዙን ልክ 15 በመቶ ቢያሳድግ፣ በወረቀት ላይ ሠራተኛው ምንም አልተጎዳም። 10,000 ብር የነበረው 11,500 ይሆንለታል። ግብሩ ግን ከ1,650 ወደ 2,100 ይወጣል፤ ደመወዙ በ15 በመቶ ሲያድግ ግብሩ በ27 በመቶ አደገ ማለት ነው። ከግብር በኋላ የነበረው 8,350 ብር 9,400 ቢሆንም፣ በዓምናው ዋጋ ሲመነዘር 8,174 ብር ነው። በየወሩ 176 ብር፣ ከሁለት በመቶ በላይ የሚሆነው የመግዛት አቅሙ ጠፍቷል። ባለ 5,000 ብሩ በዚሁ ስሌት 65 ብር፣ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ያጣል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። 14,000 ብር የሚያገኘው በዓምናው ዋጋ 267 ብር ያጣል፤ ይህም እጁ ላይ ከሚደርሰው 2.4 በመቶ ነው። 100,000 ብር የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅስ? እሱም የሚያጣው ያንኑ 267 ብር ነው፤ ለእሱ ግን 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ14,000 በላይ ያለ ሁሉ ግብሩ የሚሰላው ደመወዙ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ተቀንሶለት ነው፤ ግሽበት የሚበላው ያቺን 2,050 ብር ነው፤ እሷ ደግሞ ለሁሉም እኩል ናት። ስለዚህ ያልተስተካከለ ሠንጠረዥ ሀብታሙን ከመካከለኛው ገቢ በስድስት እጥፍ ያነሰ ይነካዋል። ምክር ቤቱ እንዲህ ያለ ግብር በረቂቅ አዋጅ ቢቀርብለት አያጸድቀውም ብለን እናምናለን። ሠንጠረዡ ዝም ሲባል ግን ያለ ድምፅ ይጸድቃል።

የመንግሥት ሠራተኛው የ2018 የደመወዝ ማሻሻያም በዚህ ዓይን ይታይ። በዲግሪ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከ4,560 ብሩ ጭማሪ 1,212 ብር ግብር፣ 319 ብር ከ20 ሳንቲም የጡረታ መዋጮ ሆኖ ተመልሷል። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሥራ በጀመረበት ወር 30 በመቶ እርከን ውስጥ መግባቱ ነው። ከላዩ የቀረው አንድ እርከን ብቻ ነው።

ማስተካከያው ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሸማቾች ዋጋ መረጃ ያወጣል። አዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመርና የሚያዝያ ወር የ12 ወር አማካይ ግሽበት በእርከኖቹ ወሰን ላይ እንዲባዛ፣ ውጤቱ ወደ ቅርብ መቶ ብር እንዲጠጋጋ፣ ሚኒስቴሩም አዲሱን ሠንጠረዥ እስከ ሰኔ 15 አውጥቶ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ይዘዝ። ለምሳሌ ግሽበቱ 13 በመቶ ቢሆን ወሰኖቹ 2,300፣ 4,500፣ 7,900፣ 11,300 እና 15,800 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ስሕተት የሚገባበትን ቦታ እንጠቁም፤ ተቀናሾቹ ናቸው፤ ማለትም ደመወዙ በእርከኑ መቶኛ ከተባዛ በኋላ የሚቀነሱት ቋሚ የብር መጠኖች። ወሰኖቹ ከተጠጋጉ በኋላ የድሮዎቹን ተቀናሾች (300፣ 500፣ 850፣ 1,350፣ 2,050) በ13 በመቶ ማባዛት ልክ አይመጣም፤ እርከን መገናኛው ላይ የጥቂት ብር ዝላይ ይፈጠራል። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ተቀናሽ የነፃው ገቢ 15 በመቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ፣ በፊቱ ባለው ላይ የእርከኑ መነሻ አምስት በመቶ እየተደመረ ይገኛል። ከላይ ላለው ምሳሌ 345፣ 570፣ 965፣ 1,530 እና 2,320 ይሆናል። ሚኒስቴሩ ወሰኖቹን ብቻ ሳይሆን ተቀናሾቹንም አብሮ ያውጣ፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ይሠራል።

ቀኑም ዋጋ አለው። የ2017ቱ ማሻሻያ በምክር ቤት የጸደቀው ሐምሌ 10 ቀን ነው። የሐምሌ ፔሮል የሚዘጋጀው በዚያው ሰሞን ነው። ሠንጠረዥ በወር አጋማሽ ሲመጣ አንዱ ድርጅት በአሮጌው ከፍሎ በሚቀጥለው ወር ያካክሳል፣ ሌላው በአዲሱ ይከፍላል፤ በመሐል ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ካለ ትርፍ የተቆረጠበትን የሚመልስለት አያገኝም።

ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ሁለት ነገሮች እንድታዩልን እንለምናለን።

አንደኛው የወሩ ነገር ነው። የነጋዴ ገቢ በዓመት ይሰላል፤ የሠራተኛው በወር ተቆርጦ ያልቃል። ስድስት ወር በኮንትራት ሠርቶ በየወሩ 8,000 ብር ያገኘ፣ ቀሪውን ስድስት ወር ሥራ ያጣ ሰው የዓመት ገቢው 48,000 ብር ነው። በየወሩ 1,150፣ በድምሩ 6,900 ብር ግብር ከፍሏል። የሒሳብ መዝገብ ይዞ በዓመት 48,000 ብር ያተረፈ ነጋዴ ግን በንግድ ገቢ ሠንጠረዡ የሚደርስበት 3,600 ብር ነው። ገቢው እኩል፣ እርከኑም እኩል፣ ግብሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ነጋዴው ኪራዩን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና ማጓጓዣውን ወጪ አድርጎ ይቀንሳል። ተቀጣሪው ገቢውን ለማግኘት ያወጣው ወጪ በሕጉ አይቀነስለትም፤ ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ተነሥቶ ዳር የወጣው ሠራተኛ መሐል ከተማ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ቢቀያይርም እንኳ። ከአሠሪው የመጓጓዣ አበል ካላገኘ ያ ወጪ ግብር ከተከፈለበት ገንዘብ ነው የሚወጣው። ቢያንስ በዓመት ከአሥር ወር በታች የሠራ ሰው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አማካይነት የዓመቱ ሒሳብ ተሠርቶ ትርፉ የሚመለስበት መንገድ ይኑር።

ውዝፍ ክፍያም የዚሁ ዘመድ ነው። የሦስት ወር የደመወዝ ጭማሪ ዘግይቶ በአንድ ወር ሲከፈል አንዳንዱ የፔሮል ሠራተኛ በየወሩ ከፋፍሎ ያሰላል፣ አንዳንዱ ደምሮ ያሰላል። ከላይ ባለዲግሪው ላይ ብንሞክረው፣ 13,680 ብር ውዝፍ ከ11,500 ብር ጋር ተደምሮ ሲሰላ ግብሩ 6,763 ብር ነው፤ ተከፋፍሎ ሲሰላ 5,736 ብር። ልዩነቱ 1,027 ብር ነው፤ ለዘገየው ክፍያ ተጠያቂው አሠሪው ሆኖ ሳለ ከፋዩ ሠራተኛው ይሆናል። ይህን ለማስተካከል አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ግልጽ መመሪያ ይበቃል።

ሁለተኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ ሰባት በመቶ ያዋጣል፤ ግብሩ ግን መዋጮው ሳይወጣለት በጥቅል ደመወዙ ላይ ይሰላል። እጁ ባልገባ ገንዘብ ይገብራል ማለት ነው። 11,500 ብር በሚያገኘው ላይ 805 ብሩ ቀድሞ ቢወጣለት 241 ብር ከ50 ሳንቲም ይተርፈው ነበር። እርግጥ ያለ ገደብ ከተፈቀደ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ባለ ትልቅ ደመወዙ ነው፤ 100,000 ብር ለሚያገኘው 2,450 ብር ይሆናል፤ ያን አንጠይቅም። ከ14,000 ብር በላይ ላለው ደመወዝ እንዳይሠራ ተደርጎ የሚቀነሰው መዋጮ ቢበዛ 980 ብር ይሁን። ያኔ የማንም ሰው ጥቅም ከ343 ብር አያልፍም።

የመንግሥት ገቢ ይጎድላል የሚለው ክርክር እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የመካከለኛ ዘመን የገቢ ስትራቴጂውም ሆነ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተገባው ፕሮግራም ገቢ ይደግ ነው የሚሉት። ሠንጠረዡን ከግሽበት ጋር ማንቀሳቀስ ግን ካለው ግብር ላይ አይቀንስም፤ ማንም ሳይወስን የሚመጣውን ጭማሪ ብቻ ነው የሚያስቀረው። ደመወዝተኛው ግብሩ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ስለሚቆረጥ የሚደብቀው ነገር የለውም። የቀረችውን ይዞ ሱቅ ሲገባ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል፤ ያ ታክስ የገዢውን ገቢ አይጠይቅም። ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው፣ የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ግማሹን ብቻ የሚጽፈው፣ የሙያ አገልግሎቱን በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበለው ዘንድ ግን ገና ያልተነካ ገቢ አለ። ጭማሪው ከዚያ ይፈለግ።

የዓመቱ በጀት በሰኔ ወር ለምክር ቤት ሲቀርብ ይህ አንቀጽ አብሮ ቢቀርብ የመጀመሪያው የተስተካከለ ሠንጠረዥ በዚያው ሐምሌ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ከላይ ያሉትን ስሌቶች በሙሉ በኤክሴል ሠርተን ይዘናል፤ ለሚኒስቴሩ የታክስ ፖሊሲ ባለሙያዎችም ሆነ ለቋሚ ኮሚቴው በተጠራን ጊዜ መጥተን ለማስረዳት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

በአዲስ አበባ መሐል ከተማ በፔሮል ሥራ ላይ የምንገኝ የሒሳብ ባለሙያዎች