ቦራውን አትሽጡት

ይድረስ ለወንድሜ ለይበልጣል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ፤ የቸኮልኩበት ነገር አለ።

አባባ ከፈረሳቸው ከቦራው ላይ መውደቃቸውን የሰማሁት ከእናንተ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ናት "አባትሽ ተሻላቸው ወይ?" ብላ በቴሌግራም የጻፈችልኝ። ከምን እንደሚሻላቸው እኔ መቼ አውቄ! ሌሊቱን ሙሉ ስደውል አደርኩ፤ ኔትወርኩ እምቢ አለ። በኋላ ስትገኝ "እንዳትጨነቂ ብለን ነው" አልከኝ። ይገባኛል። ግን ወንድሜ፣ ሩቅ ያለን ሰው ዝምታ ነው የሚገድለው። እናንተ ዝም ስትሉ እኔ ከሆነው ይልቅ የባሰውን ነው የማስበው። ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ በዕለቱ ንገረኝ።

ገንዘቡን ልኬያለሁ። ከፊሉ ለአባባ ነው። ባሕር ዳር ውሰዳቸውና ዳሌያቸውን ራጅ ይነሡ። ወጌሻው አሽቷቸዋል ብለሃል፤ እጁ ይባረክ፣ ግን አጥንቱ ይታይልኝ። የቀረው ለሠርግህ ነው። አነሰ ብለህ ፈረሱን ሸጠህ እንዳትሞላው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ቦራው ተሰናክሎ ነው የጣላቸው አላችሁኝ። "እግሩን አያነሣም፣ ለጋሪ ይሸጥ" ተብሏል አሉ። በሞቴ፣ አትሽጡት! ገና 12 ዓመቱ ነው። ፈረስ በደንብ ከተያዘ 25 ዓመትም ከዚያ በላይም ይኖራል። ዳንግላ ከተማ ውስጥ ትከሻው ቆስሎ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ አንተም በየቀኑ ታየዋለህ። አባባ ራሳቸው እህል ሳይቀምሱ ለቦራው ገብስ የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። እማዬ በስልክ ምን አለችኝ መሰለህ? "ቀኑን ሙሉ አይናገሩም፤ ተኝተው በበሩ በኩል ጋጣውን ነው የሚያዩት።" ጋጣው ባዶ ቢሆን ምን ሊያዩ ነው?

አክስቴ "ፈረንጅ አገር ሄዳ ፈረስ ጠባቂ ሆነች" ማለቷን ሰምቻለሁ። አዎ፣ ፈረስ ነው የምጠብቀው። አላፍርበትም። በእኛ አገር ንጉሡ እንኳ በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረስ መጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ውርደት የሆነው?

ለካ ምን ዓይነት ፈረስ እንደሆነ በደንብ ነግሬያችሁ አላውቅም። የምሠራበት እርሻ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ድንክ ፈረሶች ነው የምናረባው። ውርንጭላ እንዳይመስሉህ፤ አድገው የጨረሱ ናቸው። እዚህ በሚመዘገቡበት ማኅበር ደንብ፣ ጋማው ከሚያልቅበት ቦታ እስከ መሬት ከ86 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ትልቅ ሰው አይቀመጥባቸውም። ትንሽ ሠረገላ ይጎትታሉ፣ አረጋውያን ወደሚጦሩበት ቤት ሄደው ሰው ያጽናናሉ። አሠልጣኙ ገመድ ይዞ አብሯቸው እየሮጠ መሰናክል የሚያዘልልበት ውድድርም አለ። አባባ ቢያዩዋቸው አንዱን አቅፈው ወደ ቤት ይገቡ ነበር።

እነዚህን ፈረሶች እግር ማንሣት የምናስተምረው በአጣና ነው። ካቫሌቲ ይሉታል። በተርታ መሬት ላይ የሚጋደም፣ ወይም ከመሬት ትንሽ ከፍ የሚል አጣና ነው። ብዙ ሰው ዘዴውን የሚያያይዘው ከጣሊያናዊው የፈረሰኛ መኮንን ከፌዴሪኮ ካፕሪሊ ጋር ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ1868 እስከ 1907 የኖረ ሰው ነው። ጣሊያን ሲሉ የአባባ ፊት እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ አያታችን በዱር በገደል የተንከራተቱት በማን ምክንያት ሆነና! ግን ለቦራው የሚበጅ ከሆነ ከማንም ይምጣ።

አንዲት ግራጫ ባዝራ ነበረችን። ብዙ ጊዜ ታስራ በመቆየቷ ወፍራለች፤ የኋላ እግሯን መሬት ለመሬት ስለምትጎትት የሰኮናዋ ጫፍ ተበልቷል። መጀመሪያ ሳሳልፋት እያንዳንዱን አጣና ትመታው ነበር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አልተቆጣኋትም። ቀስ በቀስ አጣናው ጋ ስትደርስ አንገቷን ዝቅ ማድረግ፣ ጆሮዋን ወደፊት ማቅናት ጀመረች። ከዚያ ጉልበቷን አጥፋ፣ ሆዷን ሰብስባ፣ ጀርባዋን ለጥጣ ታልፈዋለች። ሥራው ያ ነው። የምትረግጥበትን ማየት ተማረች፣ ጡንቻዋም እየጠነከረ ሄደ። ዛሬ ሠረገላ ትጎትታለች።

ለቦራውም እንዲሁ አድርግ። ከሁሉ በፊት ግን ሰኮናውን እየው። የሰኮና ጫፍ ሲረዝም ፈረስ ይሰናከላል፤ ምናልባት ችግሩ በሙሉ ያ ሊሆን ይችላል። የሚያውቅ ሰው ይቁረጥለት። ውስጡ ጠጠር ወይም የሚሸት ነገር ካለ፣ ወይም ቢያነክስ፣ ለእንስሳት ሐኪም ሳታሳይ አጣና ላይ አታውጣው።

አጣናውን ከባሕር ዛፍ ቁረጥ። ልጠው፣ ጉጡን አስተካክለው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል ይሁን። ቀርከሃ ቅርብ ነው ብለህ እንዳትወስድ። ቀላል ስለሆነ ሲነካ ይንከባለላል፤ ፈረስ የሚንከባለል እንጨት ከረገጠ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል። ሲሰነጠቅ ደግሞ ስለት ነው። እዚህም ለድንኮቹ ቀላል ይሁን ብለው የፕላስቲክ ቱቦ የሚያጋድሙ አሉ፤ የሚኒሶታ ብርድ ያደርቀውና ሲረገጥ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። እኛ በእንጨት ነው የምንሠራው። መጀመሪያ አጣናውን መሬት ላይ አጋድመህ በሁለቱም ጎን ችካል ምታለት። ከፍ ማድረግ ስትፈልግ ሁለት አጭር እንጨት በመስቀል ቅርጽ አያይዘህ በየጫፉ አቁም፣ አጣናውን በመሐሉ አሳርፈህ እሰረው። ከስንዝር በላይ አታስኪደው። መዝለል አይደለም የምናስተምረው፤ መራመድ ነው።

ርቀቱን ከእኔ አትጠይቅ፤ ቦራው ራሱ ይነግርሃል። አውድማው ላይ አፈሩን አለስልሰህ በእርጋታ ሳበው። ከፊት ቀኝ እግሩ ዱካ እስከ ፊት ግራ እግሩ ዱካ ለካ። የኋላ እግሩ በፊተኛው ላይ ስለሚያርፍ ዱካው ይደራረባል፤ ተጠንቅቀህ ለየው። ለእኛ ድንኮች ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ ለትላልቆቹ የፈረንጅ ፈረሶች 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ቦራው በመሐል ይሆናል። ሶምሶማ ሰፋ ያለ ርቀት ይፈልጋል፤ እሱን ለጊዜው ተወው።

በአንድ አጣና ጀምር። ሲለምደው ሦስት አድርገው። ሁለት ብቻ አታድርግ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ልዝለል ሊል ይችላል። ገመዱን አላላለት፣ ራሱን አትጎትት፤ ዝቅ ብሎ ማየት አለበት። ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ማንም አይቀመጥበት። ለአባባ ደግሞ በርጩማ አውጣላቸውና ጥላ ሥር ይቀመጡ። ገመዱን አንተ ያዝ፣ ትእዛዙ የእሳቸው ይሁን። ሐኪሙ ተራመዱ ካላቸውም እዚያው አውድማው ላይ ይራመዱ፤ ቤት ውስጥማ እሺ አይሉህም።

አባባ የፈረሰኞቹን በዓል፣ ጥር 23ን እያሰቡ እንደሚብሰለሰሉ አውቃለሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ከቤታችን ሰው ቀርቶ አያውቅም ይሉ የለ። ዘንድሮ እንጅባራ አንተ ሂድላቸው። ቦራው እግሩን በደንብ ካነሣ ብቻ ነው ታዲያ፤ ካላነሣ ጉግስ ላይ እንዳታወጣው፣ የሰው ፈረስ ተዋስ።

እስቲ ስለ ትርንጎ ልጠይቅህ። ቀለበቱ ልኳ ሆነ? ከጥምቀት በኋላ ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። አልመጣም፣ ወንድሜ። ወረቀቴ ገና ነው፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። "ገንዘብ ልካ ቀረች" የሚል አይጠፋም፤ ይበል። በፈቃዴ የቀረሁ እንዳይመስልህ እንጂ። ድንኳኑን ማን ይተክላል፣ ጠላውን ማን ይጠምቃል እያልኩ ሥራ ላይ እፈዛለሁ። የኑጉ አበባ አሁን ረግፎ ይሆናል አይደል? ጤፉስ ታጨደ? ሙሽራዋ ስትገባ እማዬ እልል ስትል ስልኩን ወደ እማዬ አዙርልኝ፤ የሌላውን ባላይም ግድ የለም።

ለእማዬ ብርዱን ለምዳዋለች በላት። ልብሴ ወፍራም ነው፣ ምግብም ሞልቷል። በቪዲዮ ያየችው የእጄ ቁስል ገመድ የላጠው ነው፤ ድኗል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እማዬን፣ ትርንጎን፣ አክስቴንም ጭምር። የራጁን ውጤት በዕለቱ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ጥሩ ባይሆንም ላክ።

እህትህ ስንታየሁ

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ አለኝ፦ አጣናው የሚያርፍበትን መስቀል በሚስማር ከመታኸው የሚስማሩን ጫፍ ቆልምመህ ወደ እንጨቱ አስገባው፤ የቦራውን እግር እንዳይቧጭረው።